የቀብር ቀን ውሃ

የሌሊቱ የበልግ ዝናብ አባርቶ የራያ ሜዳ ገና እንፋሎት ሲያወጣ፣ የፓምፕ ሠራተኛው ነጅሙዲን የሰባተኛውን ጉድጓድ ሊከፍት ከሮቢት በኩል መጣ። ዘበኛው ደምሴ እንደ ልማዱ ከደጁ ቁጭ ብሎ ጥርሱን እየፋቀ አልጠበቀውም። ነጅሙዲን ተጣራ፤ መልስ የለም። ከፓምፑ ቤት ጀርባ ሲዞር፣ በግድግዳውና በሲሚንቶው ቦይ መካከል በግንባሩ የተደፋ ሰው አየ። ሬሳውን አልነካም። «ኢና ሊላሂ» ብሎ በመጣበት መንገድ ሮጠ።

ምክትል ኢንስፔክተር የሺ ከቆቦ ስትደርስ የሰፈሩ ሰው ከቦዩ ማዶ ቆሟል። ዱካ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ዝናቡ መሬቱን እንደ ሊጥ አስተካክሎት ሄዷል። የደምሴ ጭንቅላት ከኋላ ሁለት ቦታ ተመትቷል። አዳልጦት የወደቀ ሰው ሁለት ጊዜ አይወድቅም። የፓምፑ ቤት በር አልተሰበረም፤ የማብሪያው ሣጥንም እንደተቆለፈ ነው። ከውስጥ የዘበኛው ካፖርት ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። የሺ ዳበሰችው፤ ደረቅ ነው።

ወጥታ ሬሳውን እንደገና አየችው። ደምሴ የለበሰው ነጭ ኩታ ነው፤ ጥለቱም ወደ አንገቱ ዞሯል፤ ለቅሶ የሚሄድ ሰው እንደሚያደርገው።

«ትናንት ማን ተቀበረ?» ብላ ነጅሙዲንን ጠየቀችው።

አያ ሙሉጌታ ናቸው አላት፤ የአካባቢው ትልቅ ሰው። እስላም ክርስቲያኑ፣ ልጅ አዋቂው ወጥቶ ነው የቀበራቸው። በዚህ ሰፈር ደግሞ የቀብር ቀን ፓምፕ አይከፈትም፤ የተጻፈ ሕግ ባይሆንም የጉድጓዱ ውሃ ሳይወጣ በጎርፍ መስኖ ዘመን የነበረ ደንብ ነው። ሬሳ ሳይገባ ውሃ አይሮጥም። የሰው ሽንኩርት ቢጠወልግም ይጠወልጋል እንጂ ያን ደንብ የሚያፈርስ የለም።

«ስለዚህ ትናንት ጉድጓዱ ተኝቶ ነው የዋለው» አለ ነጅሙዲን። «ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። እኔም ከአያ ሙሉጌታ ቃሬዛ አልተለየሁም።»

ተጠርጣሪው ቀን ሳይመሽ ተገኘ። አራጌ ይባላል፤ ማሳው ከጉድጓዱ ቁልቁል ነው። ባለፈው የውሃ ስብሰባ ላይ ደምሴ ተራህ አልደረሰም ብሎ ሲመልሰው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ውሃዬን ካስቀረህ አንተም አትቀርም» ብሎ ዝቶበታል። የቀብሩ ዕለት አመሻሽ ላይም አካፋውን ተሸክሞ ከፓምፑ ቤት ደጅ ሲመለስ ሁለት ሴቶች አይተውታል።

አራጌ ሁለቱንም አልካደም። የዛቻው ነገር የንዴት አፍ ነው አለ። አመሻሽ ላይ የሄደው ደግሞ የነገ ተራው እንዳለ ሊጠይቅ ነው። ደምሴን ከደጁ ተጣራ፤ ዝም ሲለው ከለቅሶ ቤት አልተመለሰም ብሎ ሄደ። ሬሳው ከቤቱ ጀርባ እንደነበረ አላወቀም።

«ወላሂ፣ እዚያው ነበር እንዴ?» አላት የሺን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በጠራሁት ጊዜ እዚያው ነበር?»

የጤና መኮንኑ ሬሳው ዝናብ ሲመታው ያደረ ስለሆነ ሰዓቱን ለመቁረጥ ተቸግሯል፤ ከቀትር እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ውስጥ ነው ከማለት አላለፈም። ሰፈሩ ግን ቆርጦታል። አመሻሽ ነው፤ አራጌ ነው።

የአራጌ መታሰር ደግሞ ነገሩን አላበረደውም። የሟቹ ታላቅ ወንድም ፍቅሩ ከጎብዬ መሣሪያውን ይዞ መጥቶ ነበር። ገዳዩ እስር ቤት ከገባ ወንድሙ አለ፤ የአራጌ ታናሽ ረዲ ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤት አይወጣም። የዘወልድ ሽማግሌዎች፣ ደም የሚያደርቁት የራያ አስታራቂዎች፣ በመካከል ገብተው ፍቅሩን እስከሚቀጥለው የቆቦ ገበያ ድረስ እንዲታገሥ አስማሉት። ፍቅሩ ማለ። ከገበያው በኋላ ግን ማንም እንዳይለምነኝ አለ።

ፍቅሩ ጣቢያ መጥቶ ከየሺ ፊት ሲቀመጥ እንደ ሌላው ሐዘንተኛ አልጮኸም። «እትዬ፣ እኔ ደም አልጠማኝም» አላት። «ወንድሜ በምን እንደሞተ አውቄ ልቀመጥ ነው የምለው። በአንድ ተራ ውሃ ከሆነ፣ ያ ለእኔ ከሞቱ ይከብዳል።»

የጣቢያው አዛዥ መዝገቡ የተሟላ መሰለው። ዛቻ አለ፣ ጠብ አለ፣ በቦታው ያየ ምስክር አለ። የሺም ብትሆን የምታሳየው ተቃራኒ ነገር አልነበራትም፤ ከደረቅ ካፖርትና ጥለቱ ከዞረ ኩታ በስተቀር።

ዘበኛ አመሻሽ ላይ በሕይወት ካለ፣ ዳመናው ሲከብድ፣ ብርዱ ሲመጣ፣ የሌሊት ልብሱን ይለብሳል። ደምሴ አልለበሰም። ቀብር ላይ አይታችሁት ነበር ወይ ብላ በየቤቱ ጠየቀች። ሁሉም ነበረ መሰለኝ አላት። ያን ያህል ሕዝብ በተሰበሰበበት ማን ማንን ቆጥሮ። አንድ ሰው እንኳ አጠገቤ ነበረ ያላት ግን የለም።

በመካከሉ ሌላ ወሬ ተነሣ። ዋጃ ላይ አንድ የቆራሌ ነጋዴ የፓምፕ ገመድ ተገኝቶበታል ተባለ። በዚያ ሰሞን ከአስፋልቱ ዳር ባሉ ጉድጓዶች የመዳብ ገመድ የሚሠርቁ ሰዎች ነበሩና የሺ ልቧ ተንጠለጠለ። ሄዳ አየችው። ገመዱ ያረጀ፣ ከሌላ ቦታ የተነቀለ ነው፤ የሰባተኛው ጉድጓድ ገመድ ደግሞ ምንም አልጎደለበትም። ነጋዴው ያን ቀን አላማጣ እህቱን ሲያሳክም እንደዋለ ሐኪም ቤቱ መሰከረለት።

«ምነው እትዬ፣ ቅር አለሽ?» አላት ነጋዴው፣ እጁ ሲፈታለት። «ሌባ ብቻ በመሆኔ?»

የሺ ሳትፈልግ ፈገግ አለች።

አውጫጭኝ የተቀመጡት ከትልቁ የግራር ዛፍ ሥር ነው። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ እየተነሣ ያየውን፣ የሰማውን፣ የጠረጠረውን በመሐላ ይናገራል። የመራው የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሊቀመንበር ደሳለኝ ነው። ሃምሳውን ያለፈ፣ ረጋ ያለ፣ ነገር የሚያውቅ ሰው። በድርቁ ጊዜ የራሱን ተራ ለባልቴቶች ይለቅ ነበር እየተባለ ይነገርለታል። የቀብር ቀን ፓምፕ ይዘጋ የሚለውን አሮጌ ደንብ በአዲሱ ማኅበር ያጸናውም እሱ ነው።

ደሳለኝ ከሁሉ መጨረሻ ተነሥቶ ማለ። ፓምፑ ያን ቀን አልተነሣም፤ የማብሪያው ሁለት ቁልፎች አንዱ ከነጅሙዲን፣ አንዱ ከእኔ ዘንድ ናቸው፤ እኔ የአያ ሙሉጌታ የእህት ልጅ ነኝ፣ ቀብር ላይ ነበርኩ አለ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም፤ ማን ይጠራጠረዋል።

ሲበተኑ ወደ የሺ መጥቶ፣ «የመንግሥት ምስክርም ልጨምርልሽ» አላት። «ቆቦ ያለው የመስኖ ጽሕፈት ቤት የጉድጓዱን ውሃ የሚመዘግብ መሣሪያ አለው። ውሃው እንዳልተነካ እነሱ ይነግሩሻል። ፓምፑ ካልሠራ ደግሞ ቀን ላይ እዚያ የሚሄድ ሰው አይኖርም። ከአመሻሹ ሌላ ምን ቀረ?»

ምስክሯ የተቀመጠችው ከጽሕፈት ቤቱ ጫፍ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ሔራን ትባላለች፤ የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ። ስትናገር ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ላይ አታነሣም። ከሰባተኛው ጉድጓድ አንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ውሃ የማይቀዳበት፣ ለማየት ብቻ የተቆፈረ ጉድጓድ እንዳለ፣ ውስጡ የተንጠለጠለ መሣሪያም የውሃውን ከፍታ ቀን ከሌት እንደሚመዘግብ አስረዳቻት። ቁጥሩ ወደ ኤክሴል ይገለበጣል፤ ግራፍ ይሆናል።

ግራፉን አትማ ሰጠቻት። ከግራ ወደ ቀኝ የተሰመረ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው። የአያ ሙሉጌታ የቀብር ቀን ከመካከሉ አለ፤ መስመሩ ግን አልተንቀሳቀሰም።

የሺ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ደሳለኝ ያለው ሆነ።

በማግስቱ፣ ገበያው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረዲ በተደበቀበት ቤት ላይ ድንጋይ ተወረወረ። የሺ የአራጌን ቤተሰብ አረጋግታ ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ወረቀቱን አውጥታ ዝም ብላ አየችው። መስመሩ የቀብሩን ቀን ብቻ አይደለም የያዘው፤ ሳምንቱን ሁሉ ነው። ከቀብሩ በፊት የነበሩት ቀናት ፓምፑ ከጠዋት እስከ ማታ የሠራባቸው ናቸው፤ ነጅሙዲን ራሱ ከፍቶ ዘግቶታል። በእነዚያም ቀናት መስመሩ ቀጥ ያለ ነው።

ፓምፑ ሲሠራም ዝም። ሲተኛም ዝም። እንዲህ ያለ ምስክር አልተነካም አላለም፤ ምንም አላለም።

የሺ ቆቦ ከመድረሷ በፊት ከመኪናው ወረደች፤ ሾፌሩ መንገድ ላይ አላቆምም ብሎ ሲያጉረመርም ሂሳቡን ሰጥታ፣ ወደ መስኖው ጽሕፈት ቤት በእግሯ አቋርጣ ሄደች።

ሔራን ጥያቄውን ስትሰማ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«ቅጹ ነው» አለች። «የግራፉ ቋሚ ዘንግ ከዜሮ እስከ ስልሳ ሜትር ተብሎ ተቆልፏል። የሸለቆው ጉድጓዶች ሁሉ በአንድ ልክ ጎን ለጎን እንዲታዩ ነው። ለዚያ ደህና ነው። የሰባተኛው ፓምፕ ግን እዚያ ማዶ ያለውን ውሃ ዝቅ የሚያደርገው በስንዝር ነው። ስንዝር በስልሳ ሜትር ውስጥ...» ጣቷን በጣቷ ላይ አሻሸች። «ከመስመሩ ውፍረት አይበልጥም። ልነግርሽ ይገባ ነበር። የጠየቅሽኝ ግራፉን ስለነበረ ግራፉን ሰጠሁሽ።»

«በስንዝር የሚታይበት መንገድ የለም?»

ሔራን በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋች። አለ፣ ግን ለራሴ የሠራሁት ነው አለች፤ ለማንም አላሳየሁትም። ከዚያ ሌላ ገጽ ከፈተች።

በገጹ አናት ላይ ቀን የሚጻፍባቸው ሁለት ሴሎች፣ የሠንጠረዡ ትንንሽ ሣጥኖች፣ አሉ፤ ከየት እስከ የት የሚሉ። ከእነሱ ሥር ሌሎች ሁለት ሴሎች፣ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ካሉት ቁጥሮች ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን እየፈለጉ ያወጣሉ። ኤክሴል የግራፉን ዘንግ ከሴል አንብብ ቢሉት በራሱ አይሰማም። ስለዚህ ሔራን ማክሮ ጻፈችለት፤ ሴሎቹ በተለወጡ ቁጥር ሁለቱን ቁጥሮች አንሥታ አንዱን የግራፉ ወለል፣ አንዱን ጣሪያ የምታደርግ አጭር ትእዛዝ።

«ዘንጉን እኔ አልነካውም» አለች። «ልኩን ከራሱ ከውሃው ይወስዳል።»

መጀመሪያ ዓመቱን በሙሉ ጻፈች። መስመሩ ከክረምት በኋላ ቀስ ብሎ እንደ ዳገት ወጣ፣ በበጋ ቀስ ብሎ ወረደ። ከቀብሩ ቀን ላይ ምንም የለም። ዓመቱ ሰፊ ስለሆነ ነው አለችና ቀኖቹን አጠበበች። የቀብሩን ዋዜማ፣ የቀብሩን ቀን፣ ማግስቱን ብቻ።

መስመሩ ተነሣ።

የሺ ወንበሯን ሳታውቀው ወደ ፊት ሳበች። ያ የሞተ ክር የመሰለ መስመር አሁን ከግራፉ ወለል እስከ ጣሪያው ሞልቶ ይወጣል፣ ይወርዳል። በሌሊቱ ውስጥ፣ ፓምፕ በሌለበት፣ ሰው ሁሉ በተኛበት፣ ቀስ ብሎ ከፍ ይልና ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል፤ ደግሞ ከፍ፣ ደግሞ ዝቅ። በየቀኑ ሁለት ጊዜ። እንደተኛ ሰው ደረት።

«ይሄን ምንድን ነው የሚያንቀሳቅሰው?» አለች፤ ድምጿ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለ ሰው ዝቅ ብሎ ነበር።

«ጨረቃ» አለች ሔራን። «ፀሐይም ታግዛታለች። ምድሪቱን ይስቧታል። ከሥር ያለው ድንጋይ ሲለጠጥ ውሃው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ሲመለስ ከፍ ይላል። ከጣት አይበልጥም። መጀመሪያ ሳየው የተሳሳትኩ መስሎኝ መሣሪያውን አወጣሁት። ልክ ነው።»

የሺ በዚህ ሜዳ ላይ አሥራ ምናምን ዓመት ኖራለች። በበጋ መሬቱ ሲሰነጠቅ፣ ማሽላው ሲያር፣ ከብቱ ሲወድቅ አይታለች። እዚያ ደረቅ አፈር ሥር፣ በሁሉም ጠብና ዛቻ ሥር፣ ጨረቃን እየተከተለ የሚተነፍስ ነገር እንዳለ የነገራት ሰው አልነበረም። ነገሩ ተደብቆም አይደለም። ቁጥሩ ያው የትናንቱ ቁጥር ነው። ልኩን ከውጭ ሲሰጡት ዝም አለ፤ ከራሱ ሲወስድ ተናገረ።

«ይሄ ግን ጨረቃ አይደለም» አለች ሔራን።

ጣቷ የቀብሩን ቀን ነካ። ቀትር ላይ፣ የሚተነፍሰው መስመር በድንገት ተሰብሮ ወደ ታች ይወርዳል። ጥቂት ከወረደ በኋላ ይቆማል፤ ከዚያ መጀመሪያ ፈጥኖ፣ በኋላ እየዘገየ ወደ ቦታው ይወጣል።

«ፓምፕ ተነሣ፣ ፓምፕ ቆመ። በዚያ አካባቢ ከሰባተኛው ሌላ ፓምፕ ያለው ጉድጓድ የለም። ነጅሙዲን በሚከፍትባቸው ቀናት የሚታየው ቅርጽ ይኸው ነው።»

የአያ ሙሉጌታ ሬሳ ከቤት የወጣው ቀትር ላይ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ከቃሬዛው ኋላ በሄደበት ሰዓት አንድ ሰው ፓምፑን ከፍቷል፤ ሕዝቡ ከቀብር ሳይመለስ ዘግቶታል። ደምሴም የሞተው የቀብር ኩታውን እንደለበሰ ነው። አራጌ በዚያ ሰዓት የት እንደነበረ የሺ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሙስሊም ጎረቤቶች ቃሬዛውን እየተቀባበሉ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር አድርሰው ከውጭ ቆመው እንደጠበቁ ሁሉም ነግሯታል፤ አራጌም ነጅሙዲንም ከመካከላቸው ነበሩ።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣባት፤ የመጣባትንም ጠላችው። ስልኳን አንሥታ ለነጅሙዲን ደወለችና ከአያ ሙሉጌታ በፊት በሰፈሩ እነማን እንደተቀበሩ ጠየቀችው። ነጅሙዲን የቀብር ቀናትን ያስታውሳል፤ የሚያርፍባቸው ናቸውና። እሱ ቀኑን ሲናገር የሺ ለሔራን ደገመችላት፣ ሔራን ሴሎቹ ላይ ጻፈች።

የአንዲት ባልቴት ቀብር። ግራፉ ለራሱ ወለልና ጣሪያ አበጀ፤ መስመሩ ሲተነፍስ ታየ፤ ቀትር ላይ ተሰበረ።

በምጥ የሞተች ወጣት ቀብር። ቀትር ላይ ተሰበረ።

የአንድ ቄስ ቀብር። ተሰበረ።

ሔራን እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች። ሰው በተቀበረ ቁጥር፣ ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲያለቅስ፣ ከመሬቱ ሥር ውሃው እየተሳበ ይወጣ ነበር። ሰው የረሳውን ለቅሶ ሁሉ ጉድጓዱ በየቀኑ በየሰዓቱ ይዞታል።

«ቀጥዪ» አለች የሺ።

ከሁሉም ውስጥ አንድ ቀን ብቻ መስመሩ ሳይሰበር ዋለ። ውሃው ከጠዋት እስከ ማታ በጨረቃ ብቻ ተነፈሰ። የሺ ያን ቀን ለብቻው ያዘች፤ ነጅሙዲንንም ያን ዕለት ከሰፈሩ ማን ጠፍቶ እንደነበረ ጠየቀችው። መልሱን ሰምታ ስልኩን ስትዘጋ ለሔራን አልነገረቻትም።

መሠረት በለቅሶ ቤት ደጅ እጅ የምታስታጥብ የአያ ሙሉጌታ ጎረቤት ናት። ከቀብር የተመለሰ ሰው ሁሉ ድንኳን ከመግባቱ በፊት ፊቷ ቆሞ እጁን ይዘረጋል፤ የመቃብር አፈር ይዞ እህል አይቀመስም። ድንኳን ሲተክሉ የዋሉት ግን ቀብር አልሄዱምና አይታጠቡም።

የሺ ከጎኗ ተቀምጣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ዝናቡ አወራቻት። ከዚያ ያን ቀን ሳይታጠብ የገባ ሰው እንደነበረ ጠየቀቻት።

መሠረት አሰብ አደረገች። «ድንኳን ተካዮቹ። ደግሞ አያ ደሳለኝ።»

«እሱ ቀብር አልሄደም?»

«አልሄደም መሰለኝ። ቀብርተኛው ገብቶ ሊያልቅ ሲል መጣ። ጣሳውን አነሣሁለት፤ በአጠገቤ አልፎ ገባ። ድንኳን ሲያስተክል ውሎ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። እጁ እንደሆነ ንጹሕ ነበረ፤ እርጥበቱ እንኳ አልደረቀም።»

የሺ ድንኳን ተካዮቹን ጠየቀች። አያ ደሳለኝ ቀብር ሄዶ ነበር አሏት። ቀብርተኞቹን ጠየቀች። ድንኳን ሲያስተክል ነበር አሏት። እያንዳንዱ ወገን ሌላው ዘንድ ነው ብሎ አምኖ፣ ማንም አልዋሸም።

ደሳለኝን ያገኘችው ከሽንኩርት መደቡ ዳር ነው። ተክሉ አረንጓዴ፣ ምሉዕ፣ የሰፈሩን ሁሉ የሚያስንቅ ነበር። ሳጅኑን ከመንገዱ ላይ አቁማ ብቻዋን ሄደች። የታተመውን አዲሱን ግራፍ አወጣችና ቦዩ ላይ ዘርግታ፣ ጥጎቹን በድንጋይ ያዘችው።

የምታውቀውን በተራ ነገረችው። ስለ ሁለቱ ቁልፎች። ስለ ደረቁ ካፖርት። ሲተነፍስ ስለሚያድረው ውሃና ቀትር ላይ ስለ ተሰበረው መስመር። ደሳለኝ ሰማ። ወረቀቱን ግን ከአንድ ጊዜ በላይ አላየውም።

«ይሄ የእኔን ስም አይናገርም» አለ።

«አይናገርም» አለች የሺ። «ለዚህ ነው ሌሎቹን ቀብሮች ያየሁት። በሁሉም ውሃው ወጥቷል። በአንዱ ቀን ብቻ ተኝቶ ውሏል። እርስዎ ወልድያ ልጅዎን የዳሩ ዕለት።»

ደሳለኝ ጎንበስ ብሎ ከሽንኩርቱ ሥር አረም ነቀለ።

«ቀብር ላይ ነበርኩ ብለው ምለዋል። ታዲያ መሠረት ጣሳዋን ስታነሣልዎ ለምን አልታጠቡም?»

ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አየ። ገልብጦ አየው፤ መልሶ ገለበጠው።

«ታጥቤ ነበራ» አለ ቀስ ብሎ። «ከፓምፑ አፍ ላይ ታጥቤ ነበር። ታጥቤያለሁ ብዬ አለፍኳት።»

ሌላውን ቁጭ ብሎ ተናገረው፤ የሺ አላቋረጠችውም። ማኅበሩ በተቋቋመ በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ችግኙ በአንድ ቀን ፀሐይ ሊያልቅ፣ ደንቡ ደግሞ የራሱ ደንብ። ከተራው ውጭ ሰርቆ አያጠጣም፤ የሰው ተራ አልነካም። የቀብር ቀን ውሃ ግን የማንም አይደለችም፤ ተኝታ ነው የምትውለው። ማንን በደልኩ አለ። ከዚያ ቀብር በመጣ ቁጥር ልቡ አስቀድሞ ወደ ማሳው ይሄድ ጀመር። ሰው ሲታመም ሲሰማ ችግኙ ትዝ ይለው ነበር፤ ይሄን ሲናገር ብቻ ፊቱን አዞረ።

ደምሴ ከቃሬዛው ኋላ፣ ከሰው ሁሉ መጨረሻ ሲሄድ በቦዩ ውስጥ ውሃ አይቶ ነው የተመለሰው። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። «አያ ደሳለኝ፣ ሬሳው ገና መንገድ ላይ ነው» ብቻ አለው። ደሳለኝ እዘጋለሁ፣ ለሰው አትንገር ብሎ ለመነው። ደምሴ ሄጄ ለሽማግሌዎቹ እናገራለሁ ብሎ ጀርባውን ሲሰጠው፣ በደሳለኝ እጅ ላይ የቧንቧ መፍቻው ነበር።

«ያቺን አንድ ቃል እንዳይናገር ነው» አለ። «ሌላ ምንም አልፈለግሁም።»

የሺ ወረቀቱን አጥፋ ተነሣች። ሳጅኑን በእጇ ጠራችው።

በገበያው ዋዜማ ፍቅሩን ወደ ሔራን ክፍል ወሰደችው። ሽማግሌዎቹ አራጌ መፈታቱን፣ ደሳለኝም መያዙን ነግረውታል። እሱ ግን በዓይኔ ካላየሁ መሣሪያዬን አላወርድም ብሏል። ረዲ ያን ዕለትም ከቤት አልወጣም።

ፍቅሩ ከኮምፒውተሩ ፊት ቆመ፤ ተቀመጥ ሲሉት እንቢ አለ። ሔራን ቀኖቹን ጻፈች። መስመሩ ተነሥቶ መተንፈስ ሲጀምር፣ የሺ ሲያየው ታየው ነበር፤ ትከሻው ወረደ። ሔራን ዓይኗን ሳታነሣ፣ ይሄ ጨረቃ ነው፣ ይሄ ፓምፑ የተከፈተበት ነው እያለች በጣቷ መራችው። መስመሩ ወርዶ ከቆመበት ሥፍራ ስትደርስ ጣቷ እዚያው ቀረ።

«እዚህስ?» አላት ፍቅሩ።

ሔራን የሺን አየቻት።

«እዚህ ጋ ደምሴ መጣ» አለች የሺ። «ሰውዬው ያን ቀን ከሌላው ጊዜ ሁሉ ቀድሞ ነው የዘጋው። በሌሎቹ ቀብሮች መስመሩ ወርዶ የቆየበት ሰፊ ነው፤ የዚህ ጠባብ ነው።»

ፍቅሩ ጎንበስ ብሎ መስመሩን ተከተለው፤ ከወደቀበት ተነሥቶ፣ መጀመሪያ ፈጥኖ፣ በኋላ እየዘገየ፣ ወደ ቦታው እስኪመለስና ደግሞ እንደ ቀድሞው መተንፈስ እስኪጀምር።

«ያስቆመው እሱ ነዋ» አለ። «ዘበኛ አልነበረ። ውሃዋን ጠብቋታል።»

ከደጁ ሲወጣ ትከሻው ላይ የነበረውን መሣሪያ አውርዶ ለየሺ ሰጣት። ለረዲ ንገሪው አላት፤ ነገ ገበያ ይውጣ፣ እኔም እወጣለሁ።

ሔራን ቀኖቹን አጠፋችና ዓመቱን መልሳ ጻፈች። ግራፉ ለራሱ ሰፊ ወለልና ሰፊ ጣሪያ አበጀ፤ ጨረቃውም፣ ቀብሮቹም፣ ደምሴም ከአንዲት ቀጭን መስመር ውስጥ ገቡ። የሺ አሁን ግን እዚያ እንዳሉ ታውቃለች። የፍቅሩን መሣሪያ በጉልበቷ ላይ አድርጋ መስመሩን እስኪመሽ ድረስ ተመለከተችው።